ያልተራመደው ዛፍ

ልጄ በዚያን ዕለት ጠዋት የጥንቱን ቤተ መቅደስ መግቢያ የዘጋውን የዛፍ ሥር ልትቆርጥ ነበር። እኔ ደግሞ ከነቃሁ ጀምሮ የሚታየኝ የበሩ ቅስት ተንዶ ከድንጋዩ ክምር ጫማዋ ብቻ ብቅ ብሎ ነው።

"እማዬ፣ አታሟርቺ" አለችኝ መጋዟን እያነሳች።

"መቼ አሟረትኩ? ተጠንቀቂ ነው ያልኩት።"

"ትናንት የደም ዓይነትሽ ምንድን ነው ብለሽኛል።"

አብሯት የሚሠራው ሽማግሌ ግንበኛ ከት ብሎ ሳቀ። "እማማ ወዮ" የሚል ስም ያወጣልኝ እሱ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ አሁን በዚያው ይጠራኛል።

በዚህ ዱር ዝናብ በዘነበ ቁጥር ዛፎቹ ይራመዳሉ። ሩቅ አይሄዱም፣ አንድ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ግን ትናንት የመጣህበት መንገድ ዛሬ የለም፤ ቤተ መቅደሱም ሺህ ዓመት ተሰውሮ የኖረው በዚሁ ነው። ስለዚህ ቤተ መቅደሱን ለመጠገን ልጄ የምትመራቸው ሠራተኞች እያንዳንዱ ዛፍ ላይ ቁጥር ያለው ጨርቅ ያስራሉ፤ ከዝናብ በኋላ የት እንደደረሰ ይለካሉ። ዛፎቹ ሲራመዱ እርስ በርስ ስለሚተሻሹ ጨርቁ ይቀደዳል። አዲስ የምሰፋው እኔ ነኝ። ልጄን ለአንድ ሳምንት አይቼ ልመለስ መጥቼ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በአካፋና በገመድ መሃል የስፌት መኪና ይዤ ከተቀመጥኩ አራት ወር ሆነኝ። ማን ጥሏት ይሄዳል?

እሷ እንደወጣች የራስ መከላከያ ቆቧን ጠረጴዛ ላይ ረስታው አየሁ። ይዤላት ሮጥኩ።

ትልቁ ዛፍ በሩ አናት ላይ ተቀምጦ ሥሮቹን እንደ ጣት በቅስቱ ግራና ቀኝ አውርዷል። ልጄ ከታች ቆማ መጋዙን አስጠግታለች። ቀና ስል ግንዱ ላይ ያለው ሰባት ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሰማያዊ ነው፣ አበባ ያለው። ከቤት ያመጣሁት የመጋረጃ ጨርቅ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሰፍቼ ጨረስኩት። የሌሎቹን ዛፎች ጨርቅ ሁሉ ከዚያ ወዲህ ሦስት አራት ጊዜ ቀይሬያለሁ።

"ቁሚ!" ብዬ ጮህኩ።

"አሁን ደግሞ ምን ታየሽ?"

"የሰባት ቁጥርን ጨርቅ መቼ ነው የቀየርኩት?"

ተነፈሰችና ደብተሯን ገለጠች። ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አወረደች። "አልቀየርሽም። አንድ ጊዜም አልተራመደም።"

"ጎረቤቶቹ ሁሉ ሲሄዱ እሱ ለምን ቆመ?"

"ሰነፍ ይሆናላ" አለ ግንበኛው።

"መሄድ እየቻለ የማይሄድ የያዘው ነገር ቢኖር ነው" አልኩት።

ማንም አልሳቀም። ልጄ ወደ ኋላ ወጣች። ግንበኛው መሰላል ላይ ወጥቶ ቀጭን ብረት በድንጋዮቹ መሃል ሰደደ። ብረቱ እስከ እጀታው ገባ።

"የድንጋዮቹ ማያያዣ ኖራ አልቋል" አለ ሲወርድ። "ድንጋዩን የያዘው ዛፉ ነው። ቆርጠሽው ቢሆን ኖሮ..." ኮፍያውን አወለቀ እንጂ አልጨረሰውም።

ልጄ መጋዙን አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጓንቷን እኔ አወለቅሁላት። መዳፏ እንደ ሕፃንነቷ ጊዜ በላብ ርሶ ነበር።

በኋለኛው ግድግዳ እንዲገባ ተወሰነ። ሥራው አንድ ወር ይጨምራል፤ ይጨምር።

ከሰዓት በኋላ ለሰባት ቁጥር አዲስ ጨርቅ ደርቤ ሰፋሁና ላስርለት መሰላል ወጣሁ። ልጄ ከታች መሰላሉን ጨብጣለች።

"እማዬ ቀስ! ያኛው እርከን ይንቀጠቀጣል!"

"አታሟርቺ።"

ሳቀች። እኔ ግን አላስቻለኝም። "ዛፉ አንድ ቀን ደክሞት ቢሄድስ?"

"አንቺ ጥለሽኝ ሄደሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

ቋጠሮውን ደግሜ አጠበቅሁት።