የባለ ጆሮው የመጨረሻ ሥራ

«እኔ በዕድሜዬ እንደሱ ያለ ጆሮ አላየሁም» አሉ ሽማግሌው ትራምፔት ነፊ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ።

«ዝንብ በየትኛው ኖታ እንደምትበር ይነግርህ ነበር እኮ» አለ አጠገባቸው የተቀመጠው ፒያኖ ጠጋኝ።

ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ሳቅ አለ። ሟቹን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ባለ ጆሮው በሚል ቅጽል ስሙ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የክላሪኔት አፍ ሲሠራ ኖሯል፤ ሸምበቆው የሚታሰርበትን፣ ከንፈር ላይ የሚያርፈውን ያን ጥቁር ቁራጭ እየሞረደና እየፋቀ። ከእሱ እጅ የወጣ አፍ ከታችኛው ድምፅ እስከ ላይኛው ንቅንቅ አይልም ይባልለታል። ውሸት አይደለም። ባለቤቱ ግን ይህንኑ ወሬ ሦስት ቀን ስትሰማ ከርማ አንገሽግሿታል። ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

አንዲት ወጣት የቀሩትን ብርጭቆዎች ይዛ ተከተለቻት። የኦርኬስትራው ክላሪኔት ነፊ ናት፤ ባለ ጆሮው የመጨረሻ ሥራውን ያስረከበው ለእሷ ነው። የታችኛው ከንፈሯ አብጦ ተሰነጣጥቋል።

«ከንፈርሽ ምን ሆነ ልጄ?»

«ምንም አይደል እትዬ። ልምምድ አብዝቼ ነው።» ልጅቷ ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች። «የእሑዱን ሶሎ ልተወው ነው። ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«ምነው? ዓመት ሙሉ የጠበቅሽውን?»

«ጋሼ የሠሩልኝ አፍ ከታች ግሩም ነው። ወደ ላይ ስወጣ ግን ድምፁ ከልኩ ይወርድብኛል። ነክሼ ላነሣው ስሞክር ይኸው ቆሰልኩ።»

«ጥፋቱ የአፉ ቢሆንስ?»

ልጅቷ ነውር እንደሰማች ሁሉ ደነገጠች። «እሳቸው በጆሯቸው ለክተው የሰጡኝ? ኧረ የእኔ ከንፈር ነው እትዬ። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ማለት ነው።»

ሴትየዋ እጇን በፎጣ ማድረቅ ጀመረች፤ ከደረቀም በኋላ ማድረቋን አልተወችም። ምን እንደተፈጠረ ገብቷታል። ፈራች።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት፣ ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ሲያፏጭ ባሏ አጠገቡ ቆሞ ጋዜጣ ያነብ ነበር። እሳቱን ያጠፋችው እሷ ናት። «አልሰማኸውም?» ስትለው ፊቱ አመድ መሰለ። የሞረድና የሞተር ጩኸት የላይኞቹን ድምፆች ከጆሮው ሰርቆ ጨርሷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምምነታቸው ይህ ሆነ፦ እሱ ከግድግዳው ወዲያ፣ መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ መጀመሪያ የታችኛውን ከዚያም የላይኛውን ይነፋል። እሷ ከግድግዳው ወዲህ ሽንኩርቷን እየከተፈች ታዳምጣለች። ድምፁ ከወረደ በማንኪያ አንድ ጊዜ ግድግዳውን ትመታለች፤ ከፍ ካለ ሁለት ጊዜ። ልክ ከሆነ ዝም። ኖታ የሚባል ነገር አንብባ አታውቅም፤ ጆሮዋ ግን እንደ ውሃ ልክ ነው። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ባለፈው ወር አንድ እንግዳ ባሏን አሞግሶ ሲወጣ፣ «አንድ ቀን እንኳ 'የሷም ጆሮ አለበት' ብትል ምን ይጎድልብሃል?» አለችው። «ማን ያምነናል ብለሽ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አንጀቷን አሳረራት፤ ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ዘንድ ሄደች። ሳምንት ቆይታ ስትመለስ በር ላይ ጠበቃት። «የልጅቷን አፍ ብቻዬን ጨርሼ አስረከብኩ» አላት፣ እንደ ሕፃን እየኮራ። ኩርፊያዋ አልለቀቃትም ነበርና ምን እንዳደረገ ሳትጠይቀው አለፈች። በማግሥቱ ልቡ ቆመ።

ዝም ብትል የባለ ጆሮው ስም እንዳማረበት ይቀበራል። ይህቺ ልጅ ግን አብራ ልትቀበር ነው።

«ክላሪኔትሽን ይዘሻል?» አለቻት።

«ከልምምድ ነው የመጣሁት፤ ኮቴ ሥር አለ።»

«አምጪው።»

የመሥሪያ ክፍሉን ቁልፍ የያዙት የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ክላሪኔቱን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሥተው በሩ ፊት ቆሙ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«የእሱን ሥራ ላርም ነው ጋሼ።»

«አንቺ?»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ማንቆርቆሪያውን፣ ማንኪያውን፣ ኩርፊያውን። ሰውየው እየሰሙ ቀሉ።

«አፈሩ ሳይደርቅ ስሙን ልታጠፊ? ሳሎኑ ሙሉ ሰው እየሰማ?»

«ይቺ ልጅ በእሱ ስሕተት ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትጠላ ብትኖር እሱ ደስ የሚለው ይመስልዎታል? እርስዎ ያሳደጉት ወንድምዎ ነው። ይንገሩኝ።»

ሰውየው ወደ በሩ ዞሩ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና በሩን ራሳቸው ከፈቱት።

መሥሪያ ክፍሉ እንደተተወ ነው። ሴትየዋ ሟቹ ይሠራበት የነበረው ረጅም ወንበር ላይ ወጣች፤ እሱ ዘንካታ ነበርና እግሯ መሬት አልደረሰላትም። ጥቁር ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገፋ አደረገች።

«ከታች ጀምሪ። እንዳትነክሺ።»

የታችኛው ድምፅ ሙሉ ሆኖ ወጣ። የላይኛው ወረደ።

«ፍቆ ፍቆ ሆዱን አስፍቶታል» አለች አፉን ወደ መስኮቱ አዙራ እያየች። «እሱ ሲያስረዳኝ፣ አንድ ማንኪያ ውሃ በርሜል ላይ ብትጨምሪ አይታወቅም፣ ስኒ ላይ ግን ይታወቃል ይለኝ ነበር። ታች ስትነፊ ቱቦው ረጅም ነው፤ የአፉ መስፋት ብዙም አይነካውም። ላይ ስትወጪ ቱቦው ያጥራል፤ ያኔ ያቺው ትንሽ ስፋት ድምፁን ትጎትተዋለች።»

«ታዲያ የተፋቀ ይመለሳል?»

«አይመለስም። ይሞላል።»

ከመሳቢያው ሰም አውጥታ በጣቷ አሞቀችው፤ ምስር አሳክላ አድቦለቦለችና በቀጭን ብረት አፉ ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ ለጠፈችው። ልጅቷ ነፋች። አሁን የላይኛው ከፍ አለ። ከሰሙ ግማሹን አነሣች። አሁንም ትንሽ ከፍ አለ። እንደገና ቆንጠር አደረገች። ሳሎን ውስጥ ወሬው ቆሟል፤ የብርጭቆ ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ልጅቷ የታችኛውን ነፋች፤ የላይኛውን አስከተለች። ከንፈሯ አልተጨነቀም። ሴትየዋ ምንም አላለችም።

«እትዬ? ወረደ?»

«ልክ ሲሆን ዝም ነው የምለው።»

ልጅቷ ከታች እስከ ላይ ወጥታ ወረደች፤ ደግማ ወጣች። ክላሪኔቱን ስታወርድ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «የእኔ ከንፈር አልነበረም» አለች።

«አልነበረም። እስከ እሑድ ፀሐይ ላይ እንዳትተዪው። ከዚያ አምጪውና በማይቀልጥ ነገር እንሞላዋለን።»

«ማን ሠራው ቢሉኝስ?»

«እሱ ሠራው፣ እሷ ሰማችው በያቸው። ሁለቱንም በይ።»

በሩ ላይ ሽማግሌው ትራምፔት ነፊ ቆመዋል። ኮፍያቸውን አወለቁና ልጅቷን አሳልፈው ተከትለዋት ወጡ።

ሴትየዋ ከወንበሩ አልወረደችም። ያን ቀን በር ላይ «እስቲ ንፋልኝ» ብላው ቢሆን፣ ይህን ምስር የምታህል ሰም አብረው በለጠፏት ነበር፤ እሱ አፍሮ፣ እሷ ስቃበት። ናፈቃት። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

ታላቅ ወንድሙ ገቡ። ሊያባብሏት አልሞከሩም፤ አየር ላይ የተንጠለጠሉ እግሮቿን ብቻ አዩ። ከማዕዘኑ የእንጨት ሳጥን ጎትተው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ከእግሯ ሥር አስጠጉላት። እንዳይወላገድ በእጃቸው ነካክተው አዩት።