የትሪፕሊ ድንበር ድንጋይ

በድንበሩ ድንጋይ ላይ የበቀለው ሽበት ሁልጊዜ የሚያየው ወደ ወንዙ ነበር፤ ዛሬ ግን ወደ ፀሐይ ዞሯል። ሄስተር ይህን ያስተዋለችው የመንደሩ ጎልማሶች ልጇን ጆብን ዘቅዝቀው ጭንቅላቱን ከድንጋዩ ጋር ካጋጩት በኋላ ነው።

የትሪፕሊ ሰዎች በየፀደዩ ከቄሳቸው ጋር ድንበራቸውን ይዞራሉ። ድንጋዮቹን በአኻያ አርጩሜ ይገርፋሉ፤ በሕመሙ ቦታውን እንዳይረሳ ብለው አንድ ወጣት ዘቅዝቀው ከድንጋዩ ጋር ያጋጫሉ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ድንጋይ ክርክር የለም። የመንደሩ ስም ራሱ በጥንቱ ቋንቋ «የጠብ ሜዳ» ማለት ነው፤ የትሪፕሊና የጎረቤቷ መንደር የሃዝልኮት ቅድመ አያቶች ለዚህ ሜዳ ስንት ጊዜ ተላልቀዋል። ሄስተር የሃዝልኮት ልጅ ናት፤ ትሪፕሊ የመጣችው በጋብቻ ነው። ይህ ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ አይወስዳትም። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇና ታናሽ ወንድሟ አምብሮዝ ዱላ ይዘው እንዳይገናኙ።

«አባ፣ ድንጋዩ ተነቅሎ ነው የተተከለው» አለች ለቄሱ ዝግ ብላ። «ቦታው እዚህ አልነበረም።»

ቄሱ ሳይመልሱላት ከቁጥቋጦው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። ለካ የሃዝልኮት ሰዎች አድፍጠው ኖሯል።

«እናመሰግናለን፣ ጎረቤቶች» አለ አምብሮዝ ብቅ ብሎ። «ግማሹን ሜዳ በገዛ ልጃችሁ ጭንቅላት አተማችሁልን።»

«አንተ ሌባ፣ የእህትህን ልጅ ነው ማኅተም ያደረግኸው?» አለው አንዱ የትሪፕሊ ሰው።

«ምን ላድርግ፤ ጠንካራ ጭንቅላት የወረሰው ከኛ ነው።»

የመጀመሪያውን አካፋ ማን እንዳነሳ ያየ የለም። ቄሱ ወንዙ ውስጥ ተወረወሩ። የአንዱ ጥርስ ሣሩ ላይ ተበተነ፤ የሌላው ክንድ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ሄስተር ከሩቅ ሰማችው። አምብሮዝ የብረት ዘንግ አንስቶ ከፊቱ ባለው ሰው ላይ ሊያሳርፍ ሲል ጆብ መሆኑን አየ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ጆብ ግን አላቆመም። በያዘው ዱላ የአጎቱን ግንባር ከፈለው።

አመሻሹ ላይ ሄስተር የልጇን ቁስል ስታጥብ የጓሮው በር ተቧጨረ። አምብሮዝ ነው፤ ፊቱ በደም ተሸፍኖ በእንብርክኩ እየዳኸ መጥቷል። ከመንገዱ የፈላጊዎቹ ፉከራ ይሰማል።

«እትዬ» አለ፤ «ሌላ የማውቀው በር የለም።»

ጆብ ዱላውን አነሳ። «እማዬ፣ ድንጋዩን የነቀለው እሱ ነው።»

«አውቃለሁ። እግሩን ያዝ።»

«እዚህ ካገኙት ቤቱን በላያችን ላይ ነው የሚያቃጥሉት።»

ሄስተር ይህን እሱ ሳይናገረው አስባው ነበር፤ ከዚህም የባሰውን አስባለች።

«እሱ ዘንጉን ሲያቆም አይቻለሁ» አለችው። «አንተ ስታቆም ግን አላየሁም። እግሩን ያዝ አልኩህ።»

ጆብ ዱላውን ጣለ። ጎትተው አስገቡት። ሄስተር ደፉ ላይ የፈሰሰውን ደም በሽርጧ ጠረገችና፣ ፉከራው ጎረቤት ደጃፍ ሲደርስ፣ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ወሸቀችው።