ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው አካል

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሽታው ራሱ ማመልከቻ ይዞ ቢሮአችን መጣ። ግራጫ ኮት ለብሷል። ተራውን ጠብቆ ገባ፤ ይህም ከብዙ አመልካቾች ይለየዋል።

ቢሮአችን በአዲስ ተከሳች ተላላፊ በሽታዎችና በሥነ ሕይወታዊ ጥቃት መከላከል ላይ ለሚደረጉ የሙከራ ጥናቶች ገንዘብ ይሰጣል። እኔ የገምጋሚ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። በማስታወቂያው ላይ «ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው አካል ማመልከት ይችላል» ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

«አንተን ጉዳዩ በምን ይመለከትሃል?» አልኩት።

«በቀጥታ» አለኝ።

መልሱ ከማስታወቂያው ጋር ስለሚስማማ ፋይል ከፈትኩለት።

ረቡዕ ኮሚቴው ተሰበሰበና በሽታውን አንተ እንበለው ወይስ አንቱ በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተከራከረ። ሰብሳቢያችን ፕሮፌሰር ገብረየስ፣ ሰነዱን አሟልቶ የመጣ አንተ አይባልም ብለው ክርክሩን ዘጉት። ከዚያ ወዲያ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛዋ አመልካች ገባች። ዶክተር ብዙነሽ ላቀው ትባላለች፤ በአንድ የቆላ ከተማ ላቦራቶሪ ትሠራለች። ማጥናት የፈለገችው ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡትን እኚህኑ በሽታ ነው። እሷን አንቺ አልናት፤ ሰነዷ አልተሟላም።

«ሾላ በር ቀበሌ ገብቷል» አለች። «የያዘው ሰው ሥራው ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ያያል፣ ይሰማል፤ መንቀሳቀስ ግን አይችልም። በዘጠነኛው ቀን ይወድቃል፣ ይሞታል። እህቴ እታለም ቦኖ ውሃ ላይ ጀሪካን እንዳነሳች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። የሠራሁት መድኃኒት በጎች ላይ ውጤት አሳይቷል። ለሰው የማዘጋጅበት ዕቃ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አገላበጡ። «የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ክብ ማህተም የለውም።»

«ማህተም ያዡ አቶ ደምመላሽ ታመዋል። ማህተሙን እንደጨበጡ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። ከጣታቸው ላላቅቀው ሞክሬ አልሆነልኝም።»

«ተወካይ የላቸውም?»

«አጠገባቸው ቆመዋል።»

ሁላችንም አዘንን። ማዘንን የሚከለክል መመሪያ የለንም።

የበሽታው ደብዳቤ ግን ማህተም ነበረው። ክቡ ጥርት ያለ ነው፤ አቶ ደምመላሽ በጤናቸው ያሳረፉት የመጨረሻው ማህተም እሱ ነው። አንዲት የኮሚቴ አባል ይህ ነገር የጥቅም ግጭት አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ። በሽታው ከሾላ በር ነዋሪዎች አንድም ሰው ተቃውሟቸው እንደማያውቅ በትሕትና አስረዱ። መልሳቸው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ድጋፉ ለእሳቸው ተፈቀደ። ለዶክተር ብዙነሽ በሚቀጥለው ዓመት እንድትሞክር የሚያበረታታ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ጥሩ ደብዳቤ ነበር።

ሰኞ በሽታው ሪፖርታቸውን ይዘው ቀረቡ። በሥራ ዘመኔ በቀኑ የደረሰ ሪፖርት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሾላ በር መቶ በመቶ ተሸፍኗል ይላል። ሙከራው ስለተሳካ ወደ ዋና ከተማው እንዲሰፋ ጠየቁ። ፕሮፌሰሩ ሌሎች ተመራማሪዎች ከእሳቸው ቢማሩ ምን አለበት ብለው ተናገሩና «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አሉ።

ሰባቱም የኮሚቴ አባላት እጃቸውን አወጡ። እኔም «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። በሽታው አመስግነው፣ ከሁሉም ጋር ተራ በተራ ተጨባብጠው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ። የወጡት እጆች አልወረዱም።

ትንሽ ቆይቶ ዶክተር ብዙነሽ ገባች። ጥቁር ለብሳለች።

«እህቴ ዛሬ ጠዋት ወደቀች» አለች። «ሰነዴን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ሰነድ የሚመለሰው በማመልከቻ መሆኑን ልነግራት ነበር። እሷ ግን እጆቹን አየች። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየቻቸው። ዞራ ብትሄድ የሚፈርድባት አልነበረም፤ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እሄድ ነበር። አፈርኩ።

ከቦርሳዋ መሐረብ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ጠርሙስ ውሃ አፍስሳ ነከረችውና የፕሮፌሰር ገብረየስን ከንፈር አረጠበች። ቀጥላ የጎረቤታቸውን አረጠበች። ዓይናቸው ላይ ያረፈ ዝንብ ሲኖር እፍ ትላለች። አንዱንም ሳትዘል ጠረጴዛውን ዞረች።

መጨረሻ ላይ እኔ ጋ መጣች።

«አይዞዎት» አለችኝ።

እኔ ደህና ነኝ፣ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነው ልላት ፈለግኩ። መሐረቡ ቀዝቃዛ ነበር። ውሃው በአገጬ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። የጻፍኩት ቀለም ቀስ እያለ ሲስፋፋ ቁልቁል አየዋለሁ።