ውሃ የማትደፋው መኪና

ግራዝማች አስናቀ ከመኪና ሲወርዱ አንድ እጃቸው በሩ ላይ፣ ሌላው ወገባቸው ላይ ነበር። ያን ዕለት ከአዲግራት ተመልሰው መቀሌ ያለውን የመሥሪያ ቤቱን ግቢ ሲረግጡ ግን ጭራሽ ቀና ማለት አቃታቸው። ጎንበስ እንዳሉ፣ መሪውን ይዞ የመጣውን ጀላሉን በቁጣ አዩት።

«ይህች መኪና ልትገድለኝ ነው» አሉት። «ጣልያን ለድንጋይ እንጂ ለሰው አልሠራትም።»

«ልክ ነው ጌታዬ። ባሌስትራዋ ለጭነት የተደረደረ ብረት ነው። ባዶዋን ስትሄድ ትዘላለች።»

«እንግዲያው እንዳትዘል አድርጋት።»

ጀላሉ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «አገሬ የመሄጃ ፈቃዴ ነገርስ፣ ጌታዬ?»

«አይ አንተ፤ እኔ ወገቤን ስልህ አንተ ፈቃዴን ትለኛለህ።» ግራዝማች ግድግዳውን ተደገፉ። «በል ስማኝ። አንድ ጣሳ ውሃ ሞልተህ ወንበሬ ላይ አስቀምጥ። ኲሓ ደርሰህ ስትመለስ ካልተደፋ፣ የፈቃድ ወረቀትህን በማግስቱ እፈርማለሁ። ሾፌር እንደሁ ሞልቷል።»

ጀላሉ ይህን ቃል እንደ ተፈረመ ወረቀት ቆጠረው።

አገሩ ወሎ ነው፤ ሐይቅ አካባቢ። ጣልያን ደሴ ላይ ጋራዥ ሲከፍት ጎማ አጣቢ ሆኖ ገባ፤ ሲያይና ሲያዳምጥ ኖሮ መካኒክ ሆኖ ወጣ። ቁጭ ብሎ ያስተማረው ሰው የለም። የታመመ ሞተር ሲመጣለት መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ ዐይኑን ይጨፍናል። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከካሚዮኖቹ ጋር መቀሌ አመጡት። ጣልያን ሲባረር ጋራዡን መሥሪያ ቤቱ ወረሰው፤ ጀላሉም ከክሪኩና ከመፍቻው ጋር አብሮ ተወረሰ ማለት ይቻላል። ዕቃውን ሲረከብ ዋስ አምጣ አሉት። የአገሩ ልጅ አብዱልወሃብ፣ እገበያው ዳር አቡጀዲ የሚሸጠው፣ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ተጫነለት።

ጀላሉን መቀሌ ላይ ቸንክሮ ያስቀረው እንግዲህ ያ የጣት አሻራ ነው። ያለ ፈቃድ ከሄደ የሚታሰረው አብዱልወሃብ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጸሐፊ ሳይሰናበት ጠፍቶ፣ ዋሱ አራት ወር ታስሮ ሲወጣ ሳንባው አብሮት አልወጣም።

ከአገሩና ከአንድ ልጁ መለየቱን ጀላሉ ለዘጠኝ ዓመት ችሎት ኖሯል። ኅዳር ላይ ግን ጣይባ የምትባል የበርበሬ ነጋዴ ከወሎ መጣችና ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

«ልጅህ ሳሊሃ ልካኝ ነው» አለችው። «ወንድምህ ለአንድ የእህል ነጋዴ ሊሰጣት ነው። ሰውዬው ሁለት ሚስት አለው፤ ጥርስ ግን ሁለትም የለው። ኒካሑ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ጁምዓ ነው።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹እምቢ ብል የሚሰማኝ የለም። አባቴ መጥቶ እምቢ ይበልልኝ› አለች።»

ልጅን የሚድር አባት ነው፤ አባት ከሌለ አጎት። ጀላሉ በሕይወት አለ፤ ግን እዚያ የለም። ጥሏት ሲመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ መልኳን ለማስታወስ ሲሞክር የሚመጣበት የእናትየዋ መልክ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ ትንሽ ቆየት ማለት አመጣ። ምን እንደሚለምን ለማንም አልነገረም።

ሥራውን የጀመረው ግራዝማች ቃል በሰጡት ማግስት ነው። ከኋላው ባሌስትራ ሁለት ሁለት ዝርግ ብረት አወጣ። መኪናዋ ለሰለሰች፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን ብረት ከብረት ተጋጭቶ ጣሳው ከነውሃው ጣራ ነካ። ቀጥሎ ከጎማ ውስጥ ያወጣውን ከመነዳሪ አጥፎ፣ ነፍቶ፣ በአክሱሉና በመኪናዋ ወገብ መካከል ወተፈው። አየሩ ሸክሙን በደንብ ተሸከመ፤ እንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ ግን ከመነዳሪው ተፋፍቆ ፈነዳ።

አንድ ቀን የተሰበረ ማጠፊያ ሊያስቀጥል ወደ አንጥረኛው ወደ ኣያ ወልደገሪማ ሄደ። ሽማግሌው ወናፉን ይጫናሉ፣ ይለቃሉ። ጀላሉ የመጣበትን ረስቶ ቆዳው ሲነፋና ሲከስል ያይ ጀመር።

«ምነው ሓወይ፣ ወናፍ አይተህ አታውቅም?» አሉት።

«ስንት ዓመት ሆነው ይህ ቆዳ፣ ኣያ?»

«ካንተ መኪና ይበልጣል። እሷ ግን ጋራዥ ተኝታ ትውላለች፤ ይህ ሲሠራ ይውላል።»

ጀላሉ ከዚያ ተነስቶ ቆዳ ተራ ገባና ሁለት ወፍራም ስልቻ በድርብ ስፌት አሰፋ። በየስልቻው አዲስ ከመነዳሪ ከቶ ነፋ። አሁን አልፈነዳም። ግን አንድ ስሕተት ሠራ፤ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆኑለት ብሎ ሁለቱን ስልቾች በአንድ የመዳብ ቱቦ አገናኛቸው። የኲሓ መንገድ ጥምዝ ላይ የግራው አየር በሙሉ ወደ ቀኝ ሸሸና መኪናዋ ጭነቱ እንዳዘነበለበት ግመል ወደ ገደሉ ተንጋደደች። ጀላሉ ፍሬን ይዞ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለ ብዙ ቆየ። ተመልሶ ለየብቻ አደረጋቸው።

ይህም ሆኖ ውሃው አልቆመም። መኪናዋ አንድ ድንጋይ ስትነካ አንዴ ትነሳለች፤ ከዚያ ያለ ድንጋይ ሦስት አራቴ ትጨፍራለች። የታኅሣሥ ወር እያለቀ ነበር። ተመልሶ ወደ አንጥረኛው ሄደና ችግሩን ዘርዝሮ ነገራቸው።

ኣያ ወልደገሪማ ሳቁበት። «አየሩን ዘግተህበት እንዴት አይጨፍር? መተንፈሻ ስጠው እንጂ። የወናፍ ነገር አፉ ላይ ነው። ከሰፋ ነፋሱ ሜዳ ይቀራል፤ ከጠበበ ክንድህን ይሰብርሃል። ልኩን እጅህ ይነግርሃል።»

ለጀላሉ የነገረው ጆሮው ነው። ከጣልያን ፍርስራሽ ሁለት ትንንሽ የብረት በርሜሎች ፈልጎ ከየስልቻው ጎን በቱቦ አሰራቸው። በየስልቻውና በየበርሜሉ መካከል መሐሉ የተበሳ የናስ ዝርግ አስገባ። መኪናዋ ስትረገጥ አየሩ በዚያች ቀዳዳ ወደ በርሜሉ ይሄዳል፤ ስትነሳ በዚያችው ይመለሳል። ቀዳዳዋን በቀጭን ሞረድ እየፋቀ፣ መኪናዋን በትከሻው እየተጫነ፣ ጆሮውን ቱቦው ላይ አድርጎ ቀናት ቆጠረ። መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት ነበር። ቀጥሎ እንደታመመ ሰው ማቃሰት ሆነ። የገና በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ የተኛ ሰው የሚተነፍሰውን ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ሰማ። ሞረዱን አስቀመጠ።

ጣሳውን ሞልቶ ኲሓ ደርሶ ተመለሰ። ወንበሩን በእጁ መዳፍ ዳበሰው። ደረቅ ነው።

በማግስቱ ግራዝማችን ይዞ ወደ አዲግራት ወጣ። ውቅሮን ሲያልፉ ወሬያቸው ተቋረጠ። ጀላሉ ዞር ሲል አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ፊታቸው ላይ ያ ሁልጊዜ የሚቋጠረው ነገር ተፈቷል። ጀላሉ ድንጋይ እየሸሸ ነዳ። በልቡ ደሴን አልፎ ሐይቅ ገብቶ ነበር።

ሲመለሱ ግራዝማች ከመኪናዋ ቀጥ ብለው ወረዱ። ማንንም ሳይደገፉ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩት።

«ከበቅሎ ከወደቅሁ ስድስት ዓመቴ ነው» አሉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ በመንገድ ላይ ተኝቼ አላውቅም። እግዜር ይስጥህ ጀላሉ።»

«አሜን ጌታዬ። እንግዲህ ወረቀቱን...»

ግራዝማች ወደ መኪናዋ ጎንበስ ብለው ስልቾቹን አዩ። «ይህ ነገር አየሩ አይወጣም?»

ጀላሉ መዋሸት አልቻለበትም። «ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት መነፋት አለበት። እንደ ሰውና እንደ ጭነቱ ልክ አለው።»

«ልኩን ማን ያውቃል?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላስ?»

ጀላሉ ከኋላው የተዘጋውን በር ድምፅ የሰማ መሰለው፤ በሩን የሠራው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

«እንግዲህ አንተን ለቅቄ ምን ልሆን ነው?» አሉ ግራዝማች። ድምፃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ የባሰው ይህ ነው። «የምርመራ ጉዞዬ እስከ መጋቢት ነው። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

«ጌታዬ፣ የልጄ ኒካሕ በዚሁ በጥር ነው። ቃል ሰጥተውኛል።»

«ቃሌንማ አላጠፍኩም፤ እፈርማለሁ። መቼ እንደሆነ ነው የምልህ።»

ግራዝማች ሲሄዱ ጀላሉ ከመኪናዋ ሥር ገባ። በጀርባው ተኝቶ የቀኙን ስልቻ ቫልቭ በሁለት ጣቱ ያዘ። ትንሽ ሲፈታው አየሩ ሹልክ ማለት ጀመረ። ይህን መጨረስ ቀላል ነው፤ ነገ ግራዝማች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ «ሥራህ አልሠራም፤ ወግድ» ይላሉ። ይሉ ይሆን? አይሉም። «አስተካክላት፣ ከዚያ ትሄዳለህ» ነው የሚሉት። መኪናዋ ብትለሰልስም እሱ እዚህ ነው፤ ብትዘልም እዚህ ነው። አዲግራት መንገድ ላይ ያየው የተኛ ፊት መጣበት። ቫልቩን አጠበቀና የወጣውን አየር መልሶ ነፋ።

አብዱልወሃብ ሱቅ ሲደርስ ሰውዬው አቡጀዲውን እየጠቀለለ ነበር። ጀላሉ ከደጃፉ ተቀምጦ የሆነውን አንድም ሳያስቀር ነገረው።

«ሂድ» አለው አብዱልወሃብ፣ ጥቅሉን ሳያስቀምጥ። «ይሰሩኝ። እዚያ ቁጭ ብዬ ቁርኣኔን እቀራለሁ።»

«ሐምሳ ዓመት ያልቀራኸውን አሁን ልትቀራ ነው?»

«ለዚያ ነዋ እስር ቤት የሚያስፈልገኝ።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። የአብዱልወሃብ አምስት ልጆች ከሱቁ ጀርባ ሲንጫጩ ይሰማሉ።

«አይሆንም» አለ ጀላሉ። «አንዷን ልጅ ላድን ብዬ አምስት አላስርብም።»

አብዱልወሃብ ጥቅሉን አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ። «እንግዲያው ወክለኝ። የሴት ልጅ ወልይ፣ የሚድራት ሰው፣ ራሱ መሄድ ካልቻለ ይወክላል። ሼኽየው ፊት፣ በሁለት ምስክር። እኔ የምሄድበት ፈቃድ ከማንም አያሻኝም።»

ይህን ነገር ጀላሉም አስቦት ያውቃል፤ ባሰበው ቁጥር ግን ሲያባርረው ነው የከረመው። ወክሎ ከላከ ነገሩ ያልቃል፤ ነገሩ ካለቀ ደግሞ የሚሄድበት ምክንያት አይኖርም። ሁለት ወር ሙሉ ስልቻ ሲሰፋና ናስ ሲፍቅ የኖረው እምቢ ለማለት ብቻ አልነበረም። በሩ ላይ ቆሞ «ሳሊሃ» ብሎ ሊጠራት፣ ማን እንደምትመስል ሊያይ ነበር። አብዱልወሃብም ያውቃል፤ ስለዚህ አላጣደፈውም።

በመጨረሻ ጀላሉ ወደ እሱ ዞረ። «ወንድሜን አትጣላው። ሽማግሌ ሰብስብና በፊታቸው እሷን ጠይቃት። እሺ ካለች ዳራት። እምቢ ካለች የአባቷ ቃል እምቢ ነው። የኔን አሳብ አትንገራት፤ የሷ ይሁን።»

«አብሽር» አለው አብዱልወሃብ።

ወረቀቱ ሼኽየው ፊት ተጻፈ። አብዱልወሃብ ከጥምቀት አንድ ሳምንት በፊት ወደ ደሴ በሚወርድ የጨው ካሚዮን ላይ፣ የአቡጀዲ ጥቅሉን ተንተርሶ ተሳፈረ። ጀላሉ ሊሸኘው አልቻለም፤ ያን ሰዓት ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ በፖምፓ እየነፋ ነበር።

ጁምዓው መጣ፤ አለፈ። ጀላሉ ግራዝማችን ውቅሮ አደረሰ፣ መለሰ። ጥር አለቀ። የካቲት በገባ በሦስተኛው ቀን አብዱልወሃብ ፊቱ በአቧራ ነጥቶ ጋራዡ ደረሰ። ጀላሉ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ አሮጌ ጎማ አንከባሎ አስቀመጠው። ራሱም ከፊቱ ተቀመጠ።

«እምቢ አለች» አለ አብዱልወሃብ።

ጀላሉ ዐይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ለምስጋና ተንቀሳቀሰ።

«ወንድምህ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበበው። ነጋዴውም ተናዶ ያመጣውን ማር መልሶ ወሰደ። ሽማግሌዎቹ ግን ‹አባቷ በሕይወት ካለ ቃሉ የሱ ነው› ብለው ዘጉት። ከዚያ እሷ ጠራችኝና ‹ለምን ራሱ አልመጣም?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«‹መኪና ይዞታል› አልኳት። ‹መኪና ሰው ይዞ ሲሄድ እንጂ ሰው ይዞ ሲያስቀር ሰምቼ አላውቅም› አለችኝ። ቀልደኛ ናት።»

ጀላሉ ራሱን ነቀነቀ። «መልኳስ?»

አብዱልወሃብ አፉን ሊከፍት ሲል ከግቢው የመኪናዋ ጥሩምባ ተነፋ። ግራዝማች ከወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸውን ዘርግተው መሪውን እየተጫኑ ነው፤ የማይጨው መንገድ ሩቅ ነው። ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ።

ጀላሉ አልተነሳም።

«ቀጥል» አለ። «ከግንባሯ ጀምርልኝ።»