ከፋብሪካው በር ፊት

የአለበል ዱላ የዜማ ጆሮ ግንድ ላይ ሲያርፍ አገርነሽ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ጓደኛዋ እንደተቀመጠች አገርነሽ ጭን ላይ ድፍት አለች፤ ደሟ የአገርነሽን ቀሚስ አራሰው።

አገርነሽ ቀና ብላ ስታይ ዱላውን የያዘው ዘበኛ የገዛ ወንድሟ አለበል ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሷ ናት ያሳደገችው፤ ለዚህ ፋብሪካ ጥበቃነትም ደጅ ጠንታ ያስቀጠረችው እሷው ናት።

የክር ፋብሪካው ሴቶች ከጠዋት ጀምረው በሩ ፊት መውጫውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ባልደረባቸውን ጸሎትን ማሽን ጣቶቿን ቆርጧት፣ ቁስሏ ሳይደርቅ ከሥራ ተባረረች። እሷ ካልተመለሰች አንድም የጭነት መኪና አይወጣም ብለው ቆረጡ። ዘበኞቹ ተነሡ አሏቸው፤ እንቢ ሲሉ ዱላ ሆነ።

"ዜማን ገደሏት!" የሚል ጩኸት ሲሰማ ነገሩ ተገለበጠ። ድንጋይ ይዘንብ ጀመር። ዘበኞቹ ወደ ግቢ ሮጠው በሩን ከውስጥ ሲቆልፉት አለበል ውጭ ቀረ። አንዱ ድንጋይ ግንባሩን ፈነከተውና ቦይ ውስጥ ወደቀ። ሴቶቹ የራሱን ዱላ ቀምተው ይቀጠቅጡት ገቡ።

ዜማን ባጃጅ ላይ ጭነው ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዷት አገርነሽ ወደ ቦዩ ሮጠች። የጥገና ሠራተኛው ምናሴ በሁለት እጁ ትልቅ ድንጋይ አንሥቷል። ወንድሟ ላይ ተደፋች። ድንጋዩ ትከሻዋ ላይ ወረደ፤ አጥንቷ ቀጭ ሲል ተሰማት።

"ተነሺ! ዜማን የጣላት እኮ እሱ ነው!" አለ ምናሴ።

"አይቻለሁ። ግን ገድላችሁት ነገ ምን ልንጠይቅ ነው? የጸሎትን ነገር ማን ያነሣዋል? ወሬው ሁሉ የእሱ ሬሳ ይሆናል።"

ምናሴና ሴቶቹ እያለከለኩ ወደ ኋላ አሉ።

"እታለም፣" አለ አለበል ደም እየተፋ፣ "ፖሊስ ሳይመጣ የሐይቁን ዳር ይዘን እንጥፋ።"

"ለምን መታሃት?"

"የጥበቃ ኃላፊው ነው ያዘዘን። 'ፊት ያለችውን ጣሏት፣ የቀሩት ይበተናሉ' አለን። እኔ ባልመታ ሌላው ይመታት ነበር።"

"የመታሃት ግን አንተ ነህ።"

ነጠላዋን በጥርሷና በደህና እጇ ቀድዳ ግንባሩን አሰረችለት።

ፖሊሶች ሲደርሱ አዛዡ "ሴትዮዋን የመታት ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ አገርነሽ ዞሩ። ምናሴ እንኳ አንገቱን ደፋ። መልሱን ለእሷ ተዉላት። አለበልም እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

"ወንድሜ ነው። አለበል ይባላል" አለች። "ሲመታት በዓይኔ አየሁ። ማን እንዳዘዘው ደግሞ እሱ ይነግራችኋል።"

አለበል እጇን ለቀቀው።

"አብረሽኝ አትሄጂም?" አላት የፖሊስ መኪናው ላይ ሲያወጡት።

ከግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ሞተር ተነሣ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዳንዶቹ መሄድ ጀምረዋል። አገርነሽ አንዴ ወደ ወንድሟ፣ አንዴ ወደ በሩ አየች።

"እመጣለሁ። አንተ ብቻ እውነቱን ተናገር" አለችው። የተሰበረ ትከሻዋን ደግፋ ሄዳ፣ ዜማ የነበረችበት ቦታ፣ ከበሩ ፊት ቁጭ አለች።