የአለቃ ኮምፒውተር ይቅደም

እስከዳር የይለፍ ቃሏን ለሦስተኛ ጊዜ ብትጽፍም ላፕቶፑ «መግባት አልተቻለም» ብሎ መለሰላት። የደብረ ብርሃኑ ስብሰባ ከምሳ በኋላ ይቀጥላል፤ የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ወሰን ካርታ ግን መሐል ሜዳ፣ ቢሮዋ ባለው ኮምፒውተሯ የጋራ ፎልደር ውስጥ ነው። በፍላሽ የያዘችውን ቫይረስ በልቶታል። ካርታው ካልታየ፣ ሽማግሎች ገደል ለገደል ዞረው ያስመሩት ወሰን ሳይጸድቅ ለከርሞ ይተላለፋል።

«ልጄ፣ በሩ እንቢ አለ?» አሉ ለምስክርነት አብረዋት የመጡት አባ ወልደ አማኑኤል።

«ከውጭ ለሚመጣ ሁሉ ዝግ ነው፣ አባ። ለኔ ብቻ ማለፊያ አበጅቼ ነበር» አለችና ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ወደ ቢሮዋ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ደወለች። «ጋሼ ኪዳነ ወልድ፣ ጠዋት እንደነገርኩዎ መጀመሪያ የኔን ኮምፒውተር ከፈቱልኝ?»

«ምን ነካሽ! አለቃ ሳይቀድም? በመጀመሪያ የሥራ ሂደት ባለቤቱን የአቶ አፈወርቅን፣ ከዚያ የኔን፣ ያንቺን በመጨረሻ።»

እስከዳር ሳቋ አመለጣት። የኢንተርኔቱ ሳጥን ለኮምፒውተሮቹ ቁጥር የሚያድለው በተከፈቱበት ተራ ነው፤ እርሷም ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ወደ መጀመሪያው ቁጥር እንዲመራ አዝዛዋለች።

«እንግዲያው እስካሁን የማንኳኳው የአለቃን ቤት ነው፣ ጋሼ።»

«ይበልሽ! ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሳጥኑንም ኮምፒውተሮቹንም ያጥፉና መጀመሪያ የኔን ይክፈቱ።»

«አለቃ እኮ እየጻፉ ነው! በምን አፌ ‹ያጥፉ› ልበላቸው?»

አባ ወልደ አማኑኤል ስልኩን ተቀበሏት። «ስማ፣ ኪዳነ ወልድ! ሠርግ ቤት ሙሽራ ስትገባ ሽማግሌ አይነሣም? የዛሬዋ ሙሽራ የዚች ልጅ ኮምፒውተር ናት። አፈወርቅን ‹አባ ብለዋል› በለው።»

ከወዲያ ማዶ ሳቅ ተሰማ፤ የአቶ አፈወርቅ ድምፅም ተከተለ። «በሉ እሺ፣ ጽሑፌን ላስቀምጥና ልነሣ!»

ጥቂት ቆይታ እስከዳር እንደገና ሞከረች። ፎልደሩ ተከፈተ፤ ካርታውም ከነወንዙ ከነሸንተረሩ ወለል አለ። አባ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው፣ «ይቻት! ጉልበቴን የጨረሰችው ገደል» አሉ።

ጋሼ ኪዳነ ወልድ ስልኩን ገና አልዘጉም ነበር። «ከእንግዲህማ ሁልጊዜ ያንቺን ላስቀድም?» አሉ፣ ቅር እንዳለው ሰው።

አዎ ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ዕድሜ ልኩን ታላቁን ሲያስቀድም የኖረ ሰው በአንዲት ሳጥን ምክንያት ወጉን ይጣል?

«የለም ጋሼ፣ እንደ ልማድዎ አለቃን ያስቀድሙ» አለች። «ስመለስ ለኔዋ ተራ የማይነካው ቋሚ ቁጥር እሰጣታለሁ። መታረም ያለበት ሳጥኑ ነው።»