የጋሽ ደንቡ የበዓል ግጥም

ሰፈሩ የእናት የአባት ስማቸውን ትቶ «ጋሽ ደንቡ» የሚላቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ ስለ ወግ መጥፋት ይጽፋሉ። ደረጃ ላይ ተላልፎ ሰላም የማይል ወጣት፣ በልቶ ሳህኑን የማያነሳ ልጅ፣ ከምርጫ ማግስት ቃሉን የሚያጥፍ ፖለቲከኛ፣ ማንም ከብዕራቸው አያመልጥም።

በዓሉ ሲቃረብ የጻፉት ግን ከሁሉም የከረረ ነበር። ድሮ በየቤቱ ዳቦ ከመቆረሱ በፊት ልጅ ተነስቶ በታላላቆቹ ፊት ግጥም በቃሉ ይወጣ ነበር አሉ። ዛሬ ግን ትምህርት ቤቱ ሽምደዳን ስለናቀ፣ ልጆች የቤታቸውን ስልክ ቁጥር እንኳ አያውቁትም አሉ። ይህችኛዋ ለአማቻቸው የተወረወረች ነበረች። የልጃቸው ባል መምህር ነው፤ ያውም ሽምደዳ በቀቀን እንጂ ሰው አያፈራም የሚል። ባለፈው በዓል የሁለቱ ክርክር ከመማሪያ መጽሐፍ ተነስቶ መንግሥት ጋ ሲደርስ፣ አማችየው ምግቡን ሳይጨርስ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ውልቅ ብሏል።

ስለዚህ ዘንድሮ የጋሽ ደንቡ ባለቤት ማዕድ ላይ ፖለቲካ አይነሳም ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ጋሽ ደንቡም ተስማሙና የራሳቸውን ጨመሩበት፤ አቀማመጥ በዕድሜ ይሆናል፣ የልጅ ልጃቸውም ግጥም ትላለች።

የበዓሉ ዕለት ሾርባው ቀርቦ፣ ጋሽ ደንቡ የጠረጴዛውን ራስ ይዘው ሊቀመጡ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ታላቅ እህታቸው ነበሩ፤ ከሩቅ ከተማ፣ ሳይነግሩ፣ ሻንጣቸውን ለታክሲ ነጂ አሸክመው። ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ጉልበታቸው ቢደክምም ምላሳቸው ገና ምላጭ ነው።

«ማሙሽ፣ ምነው ከሳህ?» አሉና ወንድማቸውን ሳሙ።

ርዕሰ መምህሩ በዚህ ስም መጠራታቸውን ቤተሰቡ ሰምቶ አያውቅም። የልጅ ልጃቸው ሳቋን ለማፈን ጠረጴዛው ሥር ገባች። አማችየው በበኩሉ አቀማመጡ በዕድሜ መሆኑን በታላቅ ትሕትና አስታወሰ። ጋሽ ደንቡ ምን ይበሉ? ያወጡት ሕግ ነውና የጠረጴዛውን ራስ ለእህታቸው ለቀቁ።

ቀጥለው ግጥም ሲጠይቁ ልጅቷ አንድም እንደማታውቅ ተናገረች። ጋሽ ደንቡ እንደ ድል ቆጥረውት ወደ እህታቸው ዞሩ።

«እትዬ ምስክሬ ናት። በእኛ ቤት በበዓል ግጥም ሳይባል ዳቦ አይቆረስም ነበር።»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉ እትዬ ማንኪያቸውን አስቀምጠው። «የምትለው ግን አንተ ብቻ ነበርክ። አፍህ አልዘጋ እያለ፣ እንግዳ ባወራ ቁጥር ጥልቅ ስትልበት፣ አባባ ተናዶ ስለ ዝምታ ግጥም አስጠንቶ አቆመህ። በሚቀጥለውም በዓል ከጠባይህ አልተመለስክም፤ ደግሞ አቆመህ። ቅጣት እኮ ነው፣ ማሙሽ። እኔን መች አስነስቶኝ ያውቃል?»

 የአማችየው ትከሻ በታፈነ ሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሽ ደንቡ የአባታቸው ፊት ትዝ አላቸው፤ ያ ጥርስ የተነከሰበት ፊት እስከዛሬ ኩራት ይመስላቸው ነበር። ይባስ ብሎ ነገሩን ለአገር ሁሉ ጽፈውታል።

እትዬ ግን አልጨረሱም። ካልረሳኸው ተነስና በለው አሏቸው። ታላቅ ካዘዘ ታዘዘ ነውና ጋሽ ደንቡ ሽበታቸውን ይዘው ቆሙ፤

«ጆሮህን አስቀድም፣ አፍህን አዘግይ፤
ያላዳመጠ ሰው አይሆንም አስተዋይ...»

ቀጣዩ ስንኝ ጠፋ። እትዬ ከመጀመሪያው አስጀመሯቸው። አሁንም እዚያው ሲደርሱ ቀጥ አሉ። በሦስተኛው ላይ ልጅቷ ሳታስበው አብራቸው ማለት ጀመረች።

«አየህ?» አሉ ጋሽ ደንቡ ለአማቻቸው። «ሽምደዳ ማለት ይሄ ነው።»

«አይደለም አባባ፣ ስለሳቀች ነው የያዘችው። የጠፋውን እኔ ልሙላልዎት?» አለና ድምፁን አስረዘመ፤

«አማችህ ሲናገር ጣልቃ አትግባበት፤
ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ዳቦ ቁረስለት።»

ጋሽ ደንቡ ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ሳቅ ቀደማቸው። የሁለተኛው ስንኝ ቤት መምቻ ላላ ብሏል ብለው አረሙለት፤ አማችየውም አልላላም ብሎ ተከራከረ። እትዬ በመሃል ዳቦውን ቆረሱት። በዚያን ቀን ማንም ምግቡን ጥሎ አልሄደም፤ ጀንበር እስክትጠልቅ ሁሉም በየተራው ግጥም ሲፈጥር ዋለ።

ጋሽ ደንቡ ሰው ናቸውና ነገሩ ሲከነክናቸው ሰነበተ። በሳምንቱ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ሲሄዱ፣ ደንበኛቸው ፀጉር አስተካካይ ጽሑፋቸውን አንብቦ ልጆቹን ግጥም እንዲሉ እንዳቆማቸው፣ እናቱም «በእኛ ቤት ድሮ እንዲህ ነበር» ብለው እንዳለቀሱ እየተደሰተ አወራላቸው። ጋሽ ደንቡ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻሉም። በየቤቱ የነበረ ወግ ሳይሆን የእሳቸው ቅጣት ብቻ እንደነበር አንድ በአንድ ነገሩት።

ሰውየው መቀሱን አቁሞ በመስታወቱ ውስጥ በሐዘኔታ ተመለከታቸው።

«ዕድሜ ነው፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ረስተውት ነው እንጂ፣ በየቤቱ ነበር።»